ቆቦ ላይ ማሽላው ያምራል፣ ዛላው ግን ባዶ ነው፤ ዩሪያውን እጥፍ ላድርገው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ ቆቦ አካባቢ አራት ጥማድ መሬት አለኝ። ሦስቱ ማሽላ፣ አንዱ ጤፍ ነው። በተነገረኝ ልክ ለሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስና አንድ ኩንታል ዩሪያ እጨምራለሁ፤ ሁለቱንም ስዘራ ነው የምጨርሰው። ነሐሴ ላይ ማሽላው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ መንገደኛ ያስቆማል። መስከረም ሲጠባ ግን ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ዛላው ባዶ ይሆናል። አቀንጭራ የሚባለው ሥር ላይ የሚጣበቅ አረምም አለብኝ። ዘንድሮ ዩሪያውን እጥፍ ላድርገው ወይስ ማዳበሪያውን ትቼ በፍግ ብቻ ልሥራ? ደቡብ ወሎ ጃማ ያሉት አማቼም ስንዴያቸው ቢጫ እየሆነ ተቸግረዋል፤ የምትሉኝ ለሳቸውም ይሆናል?»

ወንድሜ፣ አብሽር። ችግርህ መፍትሔ አለው። ዩሪያውን ግን እጥፍ አታድርገው። እንደነገርከኝ ከሆነ ማሳህ ዩሪያ አላነሰውም፤ ያነሰው ውሃ ነው። ይባስ ብሎ ዩሪያው ራሱ ውሃውን ቶሎ እያስጨረሰብህ ነው።

ይሄ ግር ሊልህ ስለሚችል ላብራራው። ናይትሮጅን ገና በጠዋቱ የጠገበ ማሽላ ቅጠሉን ያንዠረግጋል። ቅጠል በበዛ ቁጥር ከአፈር የሚሳበው ውሃም ይበዛል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ስላለ ማንም አያስተውለውም። መስከረም ገብቶ ዝናቡ ሲቆም ግን ያ ሁሉ ቅጠል አፈር ውስጥ የቀረችውን ውሃ በጥቂት ቀን ይጨርሳታል። ዛላው ፍሬ መሙላት ያለበት ደግሞ ልክ በዚያው ሰዓት ነው። እንዲህ ባለ ዓመት ማዳበሪያ ያላየው የጎረቤትህ ቀጫጫ ማሽላ ካንተ የተሻለ ፍሬ ሊይዝ ይችላል። ሰውም «ማዳበሪያ መሬቱን አቃጠለው» ይላል። መሬቱ አልተቃጠለም፤ ውሃው ቀድሞ አለቀ እንጂ።

ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ውሃው እናውራ፣ ወደ ማዳበሪያው ከረጢት በኋላ እንመለሳለን።

ቆቦ በዓመት በአማካይ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ያገኛል። ማሽላ ከዘር እስከ አጨዳ ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። በወረቀት ላይ ስታየው አይከፋም። ችግሩ ዝናቡ በጥቂት ሳምንት ተጠራቅሞ፣ ያውም በዶፍ መምጣቱ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ላይ ሲወርድ 2,500 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 125 ጀሪካን ማለት ነው። 30 ሚሊ ሜትር የጣለ ቀን ደግሞ 3,750 ጀሪካን ውሃ አንዱ ጥማድህ ላይ ወርዷል። ግማሹ በጎርፍ ከሄደ 1,875 ጀሪካን ውሃ ለቆላው ሸኘህ ማለት ነው። ይህን ያህል ውሃ በአህያ አስጭነህ አታመጣውም።

ምን ያህሉ እንደገባልህ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግህም። ደህና ዝናብ በጣለ በማግስቱ ዶማ ይዘህ ውጣ። ከማሳው ላይኛው ጫፍ፣ ከመሐሉና ከታችኛው ጫፍ ቆፍረህ እርጥቡ አፈር የት ላይ እንደሚያቆም እይ። ዳሩ በዓይን ይለያል፤ ከላይ ያለው ጠቆር ብሎ ሲጨበጥ ይጠቀለላል፣ ከታች ያለው ነጣ ብሎ ይፈረፈራል። መካከለኛ አፈር ደርቆ ከቆየ በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሙሉ በሙሉ ቢገባበት አንድ ስንዝር ያህል ይርሳል። የስንዝር ግማሽ ብቻ ርሶ ካገኘኸው ግማሹ ዝናብ ማሳህን ረግጦ አልፏል። ላይኛው ጫፍ ደረቅ፣ ታችኛው ጭቃ ከሆነም ያው ነው፤ ውሃው ተዳፋቱን ተከትሎ እየሸሸህ ነው።

አሁን ወደ መያዣው። ለማሽላ ማሳህ የምመክርህ ትልሙን ማሰር ነው። በ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ተዳፋቱን አግድመህ በበሬ ትልም ታወጣለህ። ከዚያ በየ4 ሜትሩ በአካፋ አፈር እየሳብክ ትልሙን ትዘጋለህ። መዝጊያው ከትልሙ ጀርባ፣ በትልሞቹ መሐል ከፍ ካለው አፈር፣ ዝቅ ማለት አለበት። ለምን መሰለህ? ኃይለኛ ዶፍ ከመጣ የተረፈው ውሃ በመዝጊያው ላይ ተሻግሮ በራሱ ትልም ይሄዳል። መዝጊያው ከፍ ካለ ግን ውሃው ጀርባውን ይሰብርና ወደ ታችኛው ትልም ይገባል፤ ያ ሌላውን ይሰብራል፣ እንዲህ እያለ ማሳው በአንድ ቀን ቦረቦር ይሆናል። እንደናንተ ባለ ደረቅ ቦታ ዘሩም ከጀርባው ላይ ሳይሆን ከትልሙ ውስጥ ቢሆን ይሻላል፤ ውሃው እዚያ ነዋ ያለው።

ቀላል ሥራ ነው ብዬ አልሸነግልህም። አንድ ጥማድ ላይ ከ3,300 ሜትር በላይ ትልም ይወጣል፤ በየ4 ሜትሩ ሲታሰር 830 ገደማ መዝጊያ ነው። ለብቻህ ከምትደክም ጅጌ (ደቦ) ጥራበት። አንድ ጥማድ ብቻ አድርገህ ከሌላው ጋር አስተያየው፤ ካዋጣህ በሚቀጥለው ዓመት ትቀጥላለህ። የጤፉን ጥማድ ግን አትንካው። ጤፍ ለስላሳ መደብ ይፈልጋል፣ ለዚህ አይሆንም።

ትልም ማሰሩ ዘንድሮ ካልሆነልህ ሽልሻሎውን አትዝለለው። አባቶቻችን ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በረድፉ መሐል ማረሻ የሚያስገቡት ለአረም ብቻ አይደለም። ዶፍ የደበደበው አፈር ፊቱ ላይ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ካልተሰበረ የሚቀጥለው ዝናብ አይገባም። ሽልሻሎ ቅርፊቱን ይሰብራል፣ የተፋፈገውን ያሳሳል፣ ከትልሙም አፈር ወደ ግንዱ ይስባል። ማሳሳቱ ላይ ሰው ይሳሳል፣ አውቃለሁ። ግን ሁለት ተክል የሚጠጣውን ውሃ ለአራት ካካፈልከው አራቱም ፍሬ አይሰጡህም። በረድፉ ውስጥ ከተክል ተክል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የነቀልከው ለከብት ይሆንሃል።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ያህል ቀን ይገዛልሃል? መካከለኛ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ተክል ሊጠጣው የሚችል 150 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ ረጥቦ ዝናቡ ቢቆም 90 ሚሊ ሜትር አለህ ማለት ነው። ማሽላ ዛላ በሚያወጣበት ጊዜ፣ በናንተ ሙቀት፣ በቀን 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይጠጣል። ስለዚህ ከዝናቡ በኋላ 15 ቀን፣ ቢበዛ 18 ቀን ሳይጠማ ይቆያል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የተዘራ ፈጣን ዝርያ ጳጉሜ አካባቢ ዛላውን ስለሚያረግዝ፣ ማበቡና ፍሬ መያዝ መጀመሩ እነዚያው 15 ቀናት ላይ ይወድቃል። ባዶ ዛላና ሙሉ ዛላን የሚለያቸው ይህ ነው።

ዝርያህን አልነገርከኝም። ደጋሌት ወይም ጅጉርቲ ከሆነ፣ እነዚህ ሚያዝያ ላይ ተዘርተው ረጅም ጊዜ የሚቆዩ ናቸው። የበልጉ ዝናብ ሰምሮ በጊዜ ከዘራሃቸው የሚወዳደራቸው የለም፤ እንጀራውም አገዳውም። በልጉ ከዘገየ ግን ሰኔ ላይ ደጋሌት መዝራት ቁማር ነው። ያን ጊዜ ወደ ፈጣኖቹ ዙር፤ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ግራና-1 እና ምስክር አሉ፣ ከመልካሳ የወጣው መልካምም አለ። ጉድለታቸውንም ልንገርህ። አገዳቸው አጭር ስለሆነ የከብት መኖ ያንስሃል። ከሰፈሩ ቀድመው ስለሚደርሱም ወፍ ይሰበሰብባቸዋል። ብቻህን ከምትዘራ ከኩታ ገጠም ጎረቤቶችህ ጋር ብትነጋገሩ ጥበቃው ይቀልላችኋል።

እሺ፣ አሁን ከረጢቱ። 25 ኪሎ ኤንፒኤስ ለጥማድ ስትሰጥ 4.75 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 9.5 ኪሎ በፎስፌት መልክ ያለ ፎስፈረስና 1.75 ኪሎ ድኝ ሰጠህ። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ከወደቀበት ብዙ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሥሩ በሚያገኝበት ቦታ፣ ከዘሩ ጎንና ዝቅ ብሎ፣ በመዝሪያው ቀን መቀመጥ አለበት። ብትንትን አድርገህ ከጣልከው ግማሹን አረም ይበላዋል። ከዘሩ ጋርም አታገናኘው፤ ሁለት ጣት ያህል አፈር ይለያቸው። በመዝሪያ ሰዓት ይህ ይበቃል፤ በኤንፒኤሱ ውስጥ ያለችው ናይትሮጅን ለቡቃያው አታንስም። ዩሪያው ያን ቀን ቤት ይዋል።

ዩሪያን በሰማይና በዶማ ነው የምትሰጠው። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ፣ ከበቀለ ከ35 እስከ 40 ቀን አካባቢ፣ ማሳውን ቆፍረህ እይ። እርጥበቱ አንድ ክንድ ያህል ከወረደ ከ25 ኪሎው 15ቱን ስጥ። ከግንዱ አራት ጣት ያህል ራቅ አድርገህ በረድፉ ጎን አፍስሰውና በሽልሻሎው አፈር አልብሰው። አፈሩ ፊት ላይ ተጥሎ ፀሐይ ከመታው ወደ አሞኒያ ተቀይሮ ይተናል። የቆቦ ሜዳ አፈር አሲዳማ ስላልሆነ መትነኑ ይብስበታል። (ጎጃም ያሉ ዘመዶችህ ኖራ ጨመርን ሲሉ ሰምተህ ከሆነ አትቅና። የነሱ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ነው፣ ላንተ ኖራ አያሻህም።) የቀረውን 10 ኪሎ ዛላ ሊያረግዝ ሲል፣ 55ኛው ቀን ገደማ፣ ዝናቡ እየጣለ ከሆነ ብቻ ስጠው። ሰማዩ ከጠራና አፈሩ ከደረቀ ተወው። ከረጢቱን በላስቲክ ጥብቅ አድርገህ እሰር፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ። ለከርሞ ይሆንሃል። ሰው የገዛውን ካልጨረሰ የከሰረ ይመስለዋል። በደረቅ አፈር ላይ የሚጣል ዩሪያ ነው ኪሳራው።

ለጤፉም ሐሳቡ ያው ነው፤ ኤንፒኤሱ ስትዘራ፣ ዩሪያው ጤፉ ቅርንጫፍ ማውጣት ሲጀምርና መሬቱ ሲረጥብ። ጤፍ ላይ ዩሪያ ካበዛህ ይጋሽብብሃል፤ የተጋሸበ ጤፍ ደግሞ ለማጨድም ለመውቃትም መከራ ነው።

አቀንጭራን በተመለከተ፣ እሱ ራሱ ስለ አፈርህ ይነግርሃል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የተራበ የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ቅመም አለ፤ የአቀንጭራ ዘር ያንን ሲያሸት ይነቃና ይጣበቃል። ስለዚህ የተመጣጠነ ማዳበሪያ መስጠትህ አቀንጭራውን ለመቀነስም ይጠቅማል፤ ማዳበሪያን እርግፍ አድርገህ አትተው የምልህ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሐምራዊ አበባውን ስታይ ጉዳቱ አስቀድሞ ከመሬት በታች ተፈጽሟል። ቢሆንም ዘር ሳይጥል ነቅለህ አቃጥለው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል። ሦስቱንም ጥማድ በያመቱ ማሽላ አታድርገው። አንዱን ማሾ ዝራበት፤ በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ይደርሳል፣ ገበያም አለው፣ ለአቀንጭራም ማደሪያ አይሆንም። የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችም አሉ፦ ጎብዬ፣ አብሽር፣ ብርሃን፣ ሆርማት። ይህን የመቋቋም ባሕርይ ፈልፍለው ያወጡት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙትም በማሽላ ሥራቸው ነው።

ፍጉ ላይ ደግሞ ቁጥሩን ልየው። አንድ ኩንታል ደረቅ ፍግ ውስጥ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ለጥማድህ የምትሰጠው 25 ኪሎ ዩሪያ 11.5 ኪሎ ናይትሮጅን ስላለው፣ እሱን ለመተካት 10 ኩንታል ገደማ ፍግ ያስፈልግሃል። ያውም በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀው ከፊሉን ነው። ለሦስት ጥማድ ከየት ታመጣለህ? ኩበቱስ ለምድጃ አይሄድም? ስለዚህ ማዳበሪያን ትቼ በፍግ ብቻ የሚለው ላንተ አይሆንም። ግን ፍግ ዩሪያ የማይሠራውን ይሠራል። አፈሩን ያለሰልሳል፣ ቅርፊት እንዳይሠራ ያግዛል፣ ውሃ ያሰርጋል። ያለህን በአራቱም ጥማድ ላይ አትበትነው። በጣም የደከመውን ቦታ ምረጥና በዘር መስመሩ ውስጥ አኑረው። እስከዚያው ግቢ ውስጥ ፀሐይና ዝናብ እንዳይፈራረቅበት ጥላ ሥር ከምረው፣ በላዩም ሣር አልብሰው። ፀሐይ ላይ የከረመ ፍግ ቀለሙ እንጂ ጉልበቱ የለም።

አገዳውንም ሁሉ ከማሳው አውጥተህ እንደምትወስድ እገምታለሁ። መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው፤ ተወው ብልህ አትሰማኝም፣ ልክም ነህ። ቢያንስ ስታጭድ የአገዳውን ጉቶ ጉልበት ያህል አስቀርተህ እጨድ። አገዳው ከብት ከበላው ፍጉ ወደዚያው ማሳ ይመለስ። በያመቱ አገዳው ወጥቶ ምንም ካልተመለሰ በኤንፒኤስም በዩሪያም ውስጥ የሌለው ፖታሲየም ቀስ እያለ ይመናመናል።

ማሳህ ከተራራው በሚወርደው የጎርፍ መንገድ አጠገብ ከሆነ ሌላ ዕድል አለህ። የቆቦ ሰው ከጥንት ጀምሮ የወንዝ ጎርፍ በድንጋይና በቅርንጫፍ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ጎርፉ ውሃ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፣ ከደጋው የታጠበውን ደለልም ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ በደንብ የጠጣ ማሳ ብዙ ቀን ይቆያል። ጠጠርና ሻካራ አሸዋ የሚጥል ጎርፍ ከሆነ ግን መጀመሪያው ኃይለኛ ማዕበል ይለፍና ረገብ ያለውን አስገባ። የጉድጓድ ውሃ ተራ የሚደርስህ ከሆነም ለየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ከምትረጭ ዛላ በሚያረግዝበት ጊዜ አንዴ ጠለቅ አድርገህ አጠጣ። ይህን ተራውን ከሚያከፋፍለው የውሃ አባት ጋር አስቀድመህ ተነጋገር፤ መስከረም ላይ ሁሉም ነው የሚሻማው።

ወደ አማችህ ልሂድ። እሳቸው ዘንድ ነገሩ ግልብጥ ነው። የጃማ መሬት ዋልካ፣ ማለትም ውሃ የሚቋጥር ጥቁር ጭቃ አፈር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ አፈር ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም ወደ ጋዝ ተቀይሮ ይሄዳል። ስንዴው ቢጫ የሚሆነው ዩሪያ ስላልተሰጠው ሳይሆን የተሰጠው ስለሚጠፋ ነው። ላንተ ውሃ ያዝ እንዳልኩህ ለሳቸው ውሃ አስወጡ ነው የምለው። ትልም ማሰርማ ጨርሶ አይሞክሩት። 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰፊ መደብ፣ በመሐሉ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ፣ ቦዩም ውሃውን ወደ ዳር የሚያወጣ ይሁን። መደቡን በበሬ የሚያወጣ፣ ሁለት ማረሻ ተጋጥሞ የሚሠራ መሣሪያ አለ፤ የቀበሌያቸውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ። ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይለቀቅ ግን አደራ፣ ክስ ነው የሚያመጣባቸው። ዩሪያውን ሲሦውን ሲዘሩ፣ የቀረውን ውሃው ከጠነፈፈ በኋላ ይስጡ።

ቢጫውንም ለይተው ይዩት። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ከጫፋቸው ቢጫ ካሉ ናይትሮጅን ነው። ከላይ ያሉት አዲሶቹ ቅጠሎች ከገረጡ ድኝን ይጠርጥሩ። ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ካደላ ብዙ ጊዜ ፎስፈረስ ነው። ያንተው ማሽላ ደግሞ ሳይገረጣ ከተጠቀለለና አመድማ ከሆነ ጥማት ነው።

አንድ የመጨረሻ ሥራ ልስጥህ። ዘንድሮ ከታሰረው ጥማድ ሦስት ረድፍ፣ ካልታሰረውም ሦስት ረድፍ ዩሪያ ሳትሰጣቸው ተው፤ በእንጨት ምልክት አድርግ። ስታጭድ ከየቦታው የአንድ ረድፍ 13 ሜትር ከሩብ ለክተህ ለብቻ ውቃና መዝን። ያ ርዝመት በ75 ሳንቲ ሜትር ረድፍ 10 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አንድ ኪሎ ፍሬ ከወጣው በጥማድ 2.5 ኩንታል፣ ሁለት ኪሎ ከወጣው 5 ኩንታል ማለት ነው። አራቱን ቁጥር ጻፍልኝ፤ የከርሞውን የዩሪያ ልክ የምንወስነው ከዚያ ላይ ነው።